ከወንዙ ማዶ ያለችው ላይቤሪያ

አገር አይቶ የመጣ ሰው የሌለበት ሠፈር የለም። ሸዋ ሮቢት ላይማ ስንቱ አለ! ጅዳ ሠርቶ የተመለሰው ጎረቤት "ጅዳ እያለሁ" ሳይል ሻይ አይጠጣም። ዱባይ የከረመችው እህት የሮቢትን ሙቀት ከዱባይ ሙቀት ጋር ሳታስተያይ ላቧን አትጠርግም። እነዚህ ግን ገና ለማጅ ናቸው። የአገር አይቶ መጦች ሁሉ አውራ፣ ሊቀ መንበርና የበላይ ጠባቂ ክቡር ዶክተር ዓለሙ ናቸው።

ዶክተር ዓለሙ የሕግ ሰው ናቸው። ጦርነት ያለፈበት አገር ፍርድ ቤቱን መልሶ ሲያቋቁም፣ የተጣላው ሕዝብ እንዴት እንደሚዳኝና እንዴት እንደሚታረቅ ምክር ሲፈልግ፣ እሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ብዙ አገር ሠርተዋል፤ ልባቸው የቀረው ግን ላይቤሪያ ነው። በይፋት ቆላ ያ ሰው ከሰው የተጋደለበት ግርግር ካለፈ በኋላ አንድ ድርጅት እሳቸውን ወደ ሸዋ ሮቢት ላካቸው። አብራቸው እንድትዞር የተመደበችው ፈትያ ነበረች። ፈትያ የሮቢት ልጅ ናት፤ አቅም ለሌለው ሰው በነፃ የምትቆም ጠበቃ።

በመጀመሪያው ቀን ሰውዬውን ስታያቸው አዘነችላቸው። የደብረ ብርሃን ደገኛ፣ ሽበታም፣ በዚያ እሳት በሚተፋ ቀትር ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ከመኪና ወረዱ።

"ዶክተር፣ ኮትዎን ቢያወልቁትስ?"

"አይ ልጄ፣ ይሄ ምን ሙቀት ነው! ላይቤሪያ ባየሽ!"

በማግስቱ ማዘኗን ተወችው። ማንጎ ስታቀርብላቸው "ጣፋጭ ነው፤ የላይቤሪያው ግን ቃጫ የለውም" አሉ። መብራት ሲጠፋ "ላይቤሪያማ ከነጭራሹ አልነበረም" ብለው አጽናኑ። የመኪናው ጎማ ሲተነፍስ እንኳ ላይቤሪያ ውስጥ የተነፈሰ ሌላ ጎማ ትዝ አላቸው። ሹፌሩ ኢዮብ ነገር ወዳድ ነው፤ ገና ሞተሩን ሲያስነሳ ወደ ፈትያ ዞር ይልና "ጀውሃ ሳንደርስ ላይቤሪያ እንገባለን" ይላታል። ተሳስቶ አያውቅም።

ዶክተር መባላቸውም የራሱ ጣጣ ነበረው። የገጠሩ ሰው ዶክተር መጣ ሲባል ትኩሳት የያዘውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። "እኔ እኮ የሕግ ዶክተር ነኝ" ቢሉ፣ አንዲት አሮጊት "ታዲያ ወባስ መች ሕግ አወቀች? ለሷም አንድ ነገር ይበሉልን እንጂ" አሏቸው። እሳቸውም በላይቤሪያ ስለነበረው ወባ ነገሯቸው።

ዋናው ሥራ የነበረው ግን አንድ ወንዝ ዳር ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ ሁለት መንደሮች አሉ። ዱሮ የሚጋቡ፣ አንድ ገበያ የሚወጡ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ እየተጠራሩ የሚሻገሩ ነበሩ። ከግርግሩ በኋላ ወንዙ ጠብታ ውሃ ሳይጨምር ሰፋ። ወዲህ ማዶ ያለ ወደዚያ ማዶ አይሄድም፤ ሰርጉም ለቅሶውም ለየብቻ ሆነ። በስንት ልመና ሁለቱም መንደር ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ሊሰበሰብ እሺ አለ። መጡ፤ ግን በመካከላቸው ከብት የሚነዳበት ያህል ቦታ ትተው ተቀመጡ።

ዶክተሩ ብድግ አሉ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ "ዛሬ የተሰበሰብነው ለሽግግር ፍትሕ ነው!" ብለው ጀመሩ። ሁለቱ መንደሮች እኩል የሚያከብሯቸው ሼህ ኸይረዲን ጆሯቸው ከብዷል። "ፍትሕ" የተባለው "ፋቲሃ"፣ የቁርኣኑ መክፈቻ፣ ሆኖ ተሰማቸው። "ቢስሚላህ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ማን እጁን ይሰበስባል? ወዲህም ወዲያም ማዶ ያለው እጁን ዘረጋ፣ ፋቲሃውን ቀራ፣ ፊቱን አበሰና "አሚን!" አለ። ዶክተሩ ደስ አላቸው። "ላይቤሪያ ግን ያጨበጭባሉ" አሉ።

ፈትያ መኪና ውስጥ ነገሩን አስረዳቻቸው። "ነገ አስተካክዬ እነግራቸዋለሁ፤ ሌላ ቃል እንጠቀም።"

"ምን አስቸኮለሽ?" አሉ ዶክተሩ። "ከግርግሩ ወዲህ ሁለቱ መንደሮች አብረው ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር እኮ ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ "ፍትሕ" የምትለዋን ቃል ጮክ አድርገው ይናገሯት ጀመር።

ከፋቲሃው በኋላ ግን ወሬ የለም። ዶክተሩ ያወራሉ፣ ሰው ያዳምጣል፣ ይበተናል። ፈትያን ያንገበገባት ይሄ ነበር። በዚያ ማንጎ ሥር፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡ እትዬ ራህመት የሚባሉ የወዲህ ማዶ እናት ነበሩ። ልጃቸው ሙዓዊያ ባጃጅ ሹፌር ነበር። በክፉው ቀን "መንገደኛ አድርሼ መጣሁ" ብሎ ወጥቶ ቀረ። ባጃጇ ወንዙ ዳር ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ሞተ እንዳይሉ ጀናዛ የለም፤ አለ እንዳይሉ ድምፁ የለም። እትዬ ራህመት ካሳ አልጠየቁም፤ ገዳዩን አምጡልኝም አላሉም። "የት እንዳለ ልወቅ። እንደ ሰው ተቀብሮ እንደሆነ ልወቅ" ነበር የሚሉት።

የሚያውቅ ሰው እንዳለ ፈትያ ትጠረጥራለች። ግን ማን አፉን ይከፍታል? "አይቻለሁ" ያለ "ከማን ጋር ሆነህ?" ይባላል። "እዚያ ምን ትሠራ ነበር?" ይባላል። ከሕግ ቢተርፍ ከሟች ዘመድ፣ ከሟች ዘመድ ቢተርፍ ከራሱ መንደር አይተርፍም። ደጅ ለደጅ ዞራ ያገኘችው መልስ አንድ ነው፤ "ሆድ ይፍጀው፣ እህቴ። ዝም አይነቅዝም።"

አንድ ቀን ዶክተሩ የላይቤሪያን የፍርድ ቤት ጣሪያ ሲተርኩ ውለው መኪና ውስጥ ሲቀጥሉ፣ ፈትያ ገነፈለች።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኚያ እናት የሚፈልጉት የልጃቸውን መቃብር ነው። ላይቤሪያ ምን ያደርግላቸዋል?"

ኢዮብ ሳያስበው ፍሬን ያዘ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። እስከ ሮቢት ድረስ ላይቤሪያ አልተነሣችም። ፈትያ ማታ ቤቷ ገብታ ተጸጸተች፤ አባት የሚሆን ሰው እንዲህ አይባልም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከፋቲሃው በኋላ ዶክተሩ ተነሡ። "ላይቤሪያ እያለሁ..." ሲሉ ፈትያ ዓይኗን ጨፈነች። "አንዲት እናት ነበረች። ልጇ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋባት። ያየ ሰው ነበረ፤ ግን ፈራ። እንኳን ስሙን፣ ጥላውንም ፈራ። እና ያ ልጅ..." ቆሙ። ግንባራቸውን አሹ። "እና ያ ልጅ... መጨረሻው ምን ነበር? እኔን! ጠፋብኝ።"

ከወዲያ ማዶ ሰዎች መካከል አንድ ረዥም ገበሬ ቀስ ብሎ ተነሣ። አብዱልሃዲ ይባላል። ማሾ ያመርታል፤ ማሾውን ሊሸጥ ካራቆሬ ድረስ ሄዷል፤ ከዚያ አልፎ አያውቅም።

"ዶክተር፣ የዚያን የላይቤሪያ ልጅ ነገር እኔ አውቀዋለሁ" አለ።

ከጎኑ አንዱ ሳቀበት። "አንተ ደግሞ መቼ ነው ላይቤሪያ የሄድከው?"

ሼህ ኸይረዲን ያን ቀን ጆሯቸው ተከፍቶ ነበር መሰለኝ፤ "ተዉት፣ ይናገር" አሉ።

"ላይቤሪያ ውስጥ አንድ ወንዝ አለ" አለ አብዱልሃዲ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። "በዚያ በክፉው ቀን አንድ ገበሬ ጥጃ ጠፍቶበት ወደ ወንዙ ወረደ። የወደቀ ልጅ አገኘ። ሩሑ ወጥታለች። ገበሬው ፈራ። ሰው ቢጠራ፣ አንተ ነህ የገደልከው ይሉታል። ትቶት ቢሄድ ጅብ አለ። ላይቤሪያስ ጅብ አለ አይደል፣ ዶክተር?"

"አለ" አሉ ዶክተሩ። ላይቤሪያ ጅብ ይኑር አይኑር ፈትያ እስከ ዛሬ አታውቅም።

"ሽርጡን ፈትቶ በሷ ገነዘው። ብቻውን ቆፈረ። ከቁርቁራ ዛፍ ሥር ቀበረው።"

እትዬ ራህመት አብዱልሃዲን አላዩትም። ያዩ የነበረው ዶክተሩን ነው።

"ልጄ ዶክተር፣ ጠይቅልኝ እስቲ። ፊቱን ወዴት አዞረው?"

እትዬ ራህመትና አብዱልሃዲ ሳይጮኹ የሚደማመጡበት ቦታ ላይ ነበሩ፤ ቋንቋቸውም አንድ ነው። ዶክተሩ ግን ወደ አብዱልሃዲ ዞሩና "ፊቱን ወዴት አዞረው?" አሉት።

"ወደ ቂብላ። ወደ አጣዬ በኩል።"

"ወደ ቂብላ ነው ይላል" አሉ ዶክተሩ። የላይቤሪያው ቂብላ፣ የመካው አቅጣጫ፣ በአጣዬ በኩል ሲሆን ማንም አልሳቀም።

"አሁንስ? ቦታው አለ?" አሉ እትዬ ራህመት።

"አለ። ያ ገበሬ ከብት እንዳይረግጠው እሾህ አጥሮበታል። በየክረምቱ ያድሰዋል። አላህ ይማረኝ እያለ፣ የልጁን እናት ገበያ ላይ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል።"

እትዬ ራህመት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ ከነጠላው ሥር፣ "ያን የላይቤሪያ ሰው አላህ ዕድሜውን ያርዝመው በልልኝ። ልጄን ለጅብ አልሰጠብኝም። ከእንግዲህ መንገድ አይቀይር በልልኝ" አሉ።

ዶክተሩ ሊያስተላልፉ ዞሩ። ላይቤሪያን ሲያወሩ የማይደክሙት ሰውዬ የዚያን ጊዜ ደከሙ። ሼህ ኸይረዲን "አል ፋቲሃ" አሉ። አሁን ማንም አልተሳሳተም። ሁለቱ መንደሮች እጃቸውን ዘረጉ፤ ዶክተር ዓለሙም የደብረ ብርሃን ክርስቲያን እጃቸውን ከመሀል ዘረጉ። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ወንዙን ተሻገረ። ዶክተሩ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ አብዱልሃዲ ክንዳቸውን ይዞ አሻገራቸው። ቁርቁራው ከነእሾህ አጥሩ ነበረ።

ፈትያ ጠበቃ ናትና ታውቃለች፤ ይሄ ምስክርነት አይባልም። ችሎት ላይ አይቆምም። ማን ገደለው የሚለውን ሕግ ገና ይፈልጋል፤ እሷም አብራ ትፈልጋለች። ያን ቀን ማታ ግን እትዬ ራህመት ቤት ድንኳን ተተከለ፤ ለቅሶ ተቀመጡ፤ ከወዲያ ማዶ ለቅሶ ደራሽ መጣ።

ሲመለሱ ዶክተሩ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ጀውሃን አለፉ። ኢዮብ አላስችል አለው።

"ዶክተር፣ ዛሬ ላይቤሪያ አንገባም?"

"ከዚያ እየተመለስን እኮ ነው" አሉ ዶክተሩ።

ፈትያ ወደ ኋላ ዞረች። "ዶክተር፣ መጨረሻውን እውነት ረስተውት ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ልጄ። ላይቤሪያ ሳለሁ ምን ይሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? 'ሚስተር ኢትዮጵያ።' አፌን በከፈትኩ ቁጥር 'አገሬ እያለሁ' ስለምል አንገሽግሿቸው ነበር። በኋላ እነሱም የራሳቸውን ጉድ 'ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ሆነ አሉ' እያሉ ይነግሩኝ ጀመር። ሰው የገዛ ቁስሉን በሰው ገላ ላይ ማሳየት ይቀለዋል።" መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ፣ "የላይቤሪያ መንገድ ግን ከዚህ ይሻላል" አሉ። ኢዮብ "ተመስገን፣ ደኅና ናቸው" ብሎ ነዳው።

ዶክተሩ የሚሄዱ ዕለት እትዬ ራህመት ማሾ በፌስታል ይዘው መጡ። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ተቀበሉ።

"ላይቤሪያ ስትመለስ ለአገሩ ሰው ሰላም በልልኝ" አሏቸው። "ደጎች ናቸው።"

"አደርሳለሁ፣ እናቴ" አሉ ዶክተሩ።

ፈትያ እፎይ እላለሁ ብላ ነበር። አሁን ጀውሃ ሲደርሱ መኪናዋ ጭር ይልባታል፤ ማንጎ ስትበላ ቃጫው ትዝ ይላታል። ባለፈው ሳምንት ሌላ መንደር ሄደች። አንድ ሽማግሌ ፊቷ ተቀምጠዋል፤ የሚያውቁት ነገር ጉሮሯቸው ላይ ቆሟል፤ አይወጣም፣ አይወርድም። ፈትያ ሕጉን ነገረቻቸው፣ መብታቸውን ነገረቻቸው፣ አይነኩዎትም አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና መሬቱን በከዘራቸው ይጭሩ ጀመር።

ፈትያ ኢዮብን በጎን አየችው። እሱም መልሶ አያት፤ ገብቶታል።

"አባቴ" አለች ከአዲስ አበባ አልፋ የማታውቀው ፈትያ፣ "ላይቤሪያ እያለሁ..."

ከዘራው መጫሩን አቆመ።