የጃርት ቢጫ አበባ

እስቲ ጠጋ በሉ። ተረቴ አጭር ናት፤ ከጥንቸል ጭራ አትረዝምም። የጀመረውን አይጨርስም እያላችሁ የምታሙኝም ስሙ፤ ይቺን እጨርሳታለሁ።

ድሮ በአንድ ጫካ፣ የጎረቤት ድንች እየቆፈረ በመብላት ስሙ የጠፋ አያ ጃርት ነበረ። አንድ ክረምት እንስሳቱ ተሰብስበው፣ “ለአዲስ ዓመት ሜዳችንን ቢጫ አበባ እናልብሰው” ተባባሉ። አበባው ሥሩ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል፤ ተቀብሮ ይከርምና ዝናቡ ሲያባራ ብቅ ይላል።

“አደራውን ለእኔ ስጡኝ” አለ ጃርት። “ሥር እንደ እኔ የሚያውቅ አለ?”

“አንተ የምታውቀው ጣዕሙን ነው” አለች እመት ጦጣ።

“እንግዲያው ስሜን ልጠብበት። ካላበበ ከጫካው አስወጡኝ።”

አንድ ቁና ሙሉ ሥር ሰጡት። ጃርት ከልቡ ተከለ። ሰባቱን ብቻ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ለክፉ ቀን ብሎ ከጉድጓዱ ጓሮ ቀበረ። ወዲያው አፈረና ወደዚያ ዞር ብሎም ሳያይ ከረመ።

በተከለ በማግስቱ ግን ስለ ሜዳው ሥጋት ገባው። በቅሎ ይሆን? ቆፍሮ አየ፤ መልሶ ቀበረ። ይህም አልበቃውም፤ ከርከሮን ሰብሳቢ፣ ጦጣን ጸሐፊ አድርጎ የአበባ ኮሚቴ አቋቋመ። በየማለዳው ሥሮቹ ተቆፍረው ይወጣሉ፣ ይሰለፋሉ፣ ይገመገማሉ።

“ይኼ ተነሣሽነት ይጎድለዋል” ይላል ከርከሮ።

ጦጣ ትጽፋለች። ጃርት አንዳንዱን ነከስ ያደርጋል።

“ምነው አያ ጃርት?”

“ለጥራት ነው።”

አዲስ ዓመት ሲጠባ ሜዳው ጭቃ ብቻ ሆነ። እንስሳቱ ጃርትን ጓዙን አስጠቅልለው ሊያስወጡት እስከ ጉድጓዱ ተከተሉት። ከጓሮው ሲደርሱ ሰባት ቢጫ አበቦች ፀሐይ ላይ ተከፍተው ቆመዋል።

ጃርት ይደሰት ይፈር ጨነቀው። “ያው... አብቧል እኮ” አለ ቀስ ብሎ።

“እዚህ ምን አመጣቸው?” አለ ከርከሮ።

ጃርት እሾሁን አጥፎ መሬት መሬት አየ። “እኔ ነኝ። ግን እነዚህን አልነካኋቸውም። አፍሬ።”

ከኋላ እየተንፏቀቀች የደረሰችው እማማ ኤሊ አበቦቹን አየች፣ የኮሚቴውን መዝገብ አየች፣ ጃርትንም አየችው።

“አያ ጃርት፣” አለችው፣ “በዕድሜህ ያማረልህ የሰረቅኸው ብቻ ነው።”