የአርባ ሰባት ደቂቃው ኦቦ ገርባ

በዚህ አገር ሰላምታ የማያልቅበት ሰው የሌለው ሰፈር የለም። ከሌለም ሰፈሩ ገና አልተመሠረተም ማለት ነው። ሰውዬውን ታውቁታላችሁ። ታክሲ ሊያመልጣችሁ ስትሮጡ መንገድ ላይ ያገኛችኋል፤ እጃችሁን ይይዛል፤ አይለቅም። እናንተን ጠይቆ ሲያበቃ ወደ እናታችሁ፣ ከእናታችሁ ወደ አክስታችሁ፣ ከአክስታችሁ ወደ አክስታችሁ የጉልበት ሕመም ይሻገራል። ይሄኔ ታክሲው ሄዷል።

ኢንጂነር ሉሲ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ስትሸሽ ነው ያደገችው። ሰበታ ላይ ግን ተያዘች።

ከወደ አዋሽ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ መስኮት ሲያንገጫግጭ ከሰነበተ በኋላ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሃያ አራት ሰዎች ለአምስት ቀን ሥልጠና ተሰበሰቡ። ትምህርቱ መሬት በተንቀጠቀጠ ማግስት ቤት ለቤት እየዞሩ ጉዳቱን መመዝገብ ነው፤ ስንጥቁ ሳይለሰን፣ ፍርስራሹ ሳይጠረግ። ለደህናው ቤት አረንጓዴ ወረቀት፣ ለሚያጠራጥረው ቢጫ፣ ለማይገባበት ቀይ ይለጠፋል። ለአንድ ቤት የተፈቀደው ሃያ ደቂቃ ነው። አሠልጣኟም ፈታኟም ሉሲ ናት፤ በመጨረሻም ስድስት ሰው መርጣ ለቋሚው ቡድን ታስመዘግባለች።

ከሠልጣኞቹ አንዱ ክቡር ኦቦ ገርባ ነበሩ፤ የሱሉልታ ሰው፣ የስድሳ አንድ ዓመት ግንበኛ፣ መዳፋቸው አካፋ የሚያህል። እዚያ ቡድን ውስጥ ለመግባት የእሳቸውን ያህል የቋመጠ አልነበረም። "ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ሳቆም ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚወድቅ ልወቅ ብዬ ነው የመጣሁት" አሉ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ። ንግግራቸው ይቺው ናት። ከንግግሩ በፊት ግን ሃያ ሦስቱንም ሠልጣኝ አንድ በአንድ እየጨበጡ የቤተሰቡን ጤና ስለጠየቁ፣ ሲጨርሱ የሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሉሲ "ኦቦ ገርባ፣ እባክዎ እንቀጥል" ብትላቸው ቅር ብሏቸው አዩዋት።

"ቆይ እንጂ ልጄ፣ ገና ሰላም መቼ ተባባልን!"

በሁለተኛው ቀን የመገናኛ ሬዲዮ ልምምድ ነበር። ደንቡ አጭርና ግልጽ መናገር ነው፤ መልእክቱን የሰማ "ኮፒ" ይላል። ከሜዳው ወዲያ ማዶ የቆመው ቢኒ ነው፤ ቢኒ የቡራዩ ልጅ፣ ከሠልጣኞቹ ሁሉ ፈጣኑ። ኦቦ ገርባ ሬዲዮውን አፋቸው ላይ ደቀኑና "አካም ጂርታ ቢኒ? ነጋ ዳ? ወርሪ ነጋ?" ብለው በኦሮምኛ ከነቤተሰቡ ሰላም ይሉት ጀመር።

"ኮፒ!" አለ ቢኒ።

"እናትህስ?"

"ኮፒ፣ ኮፒ! መልእክትዎን ይቀጥሉ!"

"ምን ኮፒ ትለኛለህ አንተ! እናትህ እንዴት ናቸው ነው የምልህ!"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሉሲም ሳቀች፤ ማስታወሻዋ ላይ ግን "ሬዲዮ፦ ወድቀዋል" ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ለልምምድ አንድ ቤት አይተው ቅጽ ሲሞሉ፣ "ልዩ ምልከታ" በሚለው ቦታ ስለ ግድግዳና ስለ ምሰሶ መጻፍ ሲገባቸው፣ ክቡርነታቸው "የቤቱ ሁለተኛ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል፣ እንኳን ደስ አላቸው" ብለው አሰፈሩ። ሉሲ በእርሳስ ስማቸው ላይ መስመር አሳለፈች። እውነተኛ አደጋ የደረሰ ቀን መቶ ቤት ይጠብቃል፤ መቶ ቤት ሰላም እስኪባል ማን ይቆያል?

በአራተኛው ቀን ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰው በሚኖርባቸው ቤቶች ላይ የተግባር ፈተና ሆነ። አንዱን ቤት ሁለት ሠልጣኝ ለየብቻው ያየዋል። የአዴ ተረፈችን የብሎኬት ቤት መጀመሪያ ያየው ቢኒ ነው። "የቤቱ ባለቤት ደህና ነው ብለዋል። አረንጓዴ። ዘጠኝ ደቂቃ" ብሎ ወጣ። ቀጥሎ ኦቦ ገርባ ገቡ፤ ሉሲ ሰዓቷን ይዛ ተከተለቻቸው።

"አካም ጂርቱ አዴ ተረፈች? ነጋ ዳ? ከብቱስ? ጎረቤቱስ? ቤቱስ?"

"ሁሉም ደህና፣ ገለታ ዋቃ።"

ቢኒ የመዘገበው ይህቺኑ "ደህና" ነበር። እዚህ አካባቢ ግን "ቤቱስ እንዴት ነው?" የተባለ ሰው፣ ጣሪያው ትከሻው ላይ ቢያርፍም "ደህና" ነው የሚለው። ሰላምታ ነዋ! ኦቦ ገርባ ይህን ስለሚያውቁ አልተነሡም። እርጎ መጣ፣ ጠጡ። ሃያ ደቂቃው አለቀ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ልጆቹ ተወራ።

"ትልቋ ልጅዎ ሶያ ፈተና ደርሶባታል አሉኝ። የት ሆና ነው የምታጠናው?"

"እዚሁ ሳሎን ናት፣ ምን ታድርግ። የክፍሏ በር አልገጥም ካለ ሰነበተ። ትንንሾቹ ናቸው እዚያ የሚተኙት።"

"በሩ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?"

"መስኮቱ ሲንገጫገጭ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ።"

ኦቦ ገርባ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ለግንበኛ ይህ በቂ ነው፤ በሩ አልገጥም ካለ መቃኑ ተዛብቷል፣ መቃኑ ከተዛባ ግድግዳው ሄዷል። ወደ ክፍሉ ገብተው ቁም ሳጥኑን ገፋ ሲያደርጉት፣ ከኋላው ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ስንጥቅ ታየ። ጣት ያስገባል። የልጆቹ አልጋ ከሥሩ ነው።

አዴ ተረፈች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ቀዩን ልትለጥፉብኝ ነው አይደል? ቤቴን ልታፈርሱብኝ ነው።"

"ወረቀቱ ለግድግዳው ነው አዴ ተረፈች፤ የእርስዎ ስም የለበትም" አሉ ኦቦ ገርባ በቀስታ። "ለዚህች ክፍል ብቻ ነው። ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ ሳሎን ይተኙ። ቅዳሜ እንጨት ይዤ መጥቼ ግድግዳውን እደግፈዋለሁ።"

አዴ ተረፈች አልጋውን በገዛ እጃቸው መጎተት ጀመሩ። ሉሲ በሌላኛው ጫፍ ይዛ አገዘቻቸው።

ደጅ ሲወጡ ሰዓቷን አየች፤ አርባ ሰባት ደቂቃ። ኦቦ ገርባም አዩት። "አስረዘምኩት መሰለኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሉሲ አፈረች። በዘጠኝ ደቂቃ የተሰጠውን አረንጓዴ ወረቀት እሷም ብትሆን ያለ ጥርጥር ትፈርምበት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ስድስተኛውን ስም በእስክሪብቶ ጻፈችና ከጎኑ ማብራሪያ ጨመረች፦ "ባለቤቶቹ ደህና ነው ወዳሏቸው ቤቶች የሚላኩ።" ቢኒም ተመርጧል፤ እሱ ጉዳቱ በግልጽ ወደሚታይባቸው ቤቶች ይሮጣል። ከዚያ ልትነግራቸው ወጣች። ኦቦ ገርባ ከአዳራሹ በር አጠገብ ቆመው፣ የራስ ቁራቸውን ማሰሪያ እያጠበቁ መልሰው ያላሉታል። ውጤቱን ለማወቅ ልባቸው ተሰቅሏል። ሆኖም አፋቸውን ሲከፍቱ፣ "እንዴት አደርሽ ልጄ? እናትሽስ ደህና ናቸው?" አሉ።

ሉሲ ወሬው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እኚህን ሰው እንደወደደቻቸው ያወቀችው ያኔ ነው። "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታውን መለሰችው፤ "እርስዎስ ኦቦ ገርባ? ባለቤትዎስ? ልጆቹስ? ላሞቹስ?"

ፊታቸው በራ። አንዷ ላም ማክሰኞ ዕለት ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ስም ገና አልወጣላትም። ሉሲ መመረጣቸውን የነገረቻቸው ይህን ሁሉ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ነው።