ጸበል የጠገበችው የሹራብ መኪና

በእኛ አገር የታመመ ሰው ጠያቂ ሊያጣ ይችላል፤ የተበላሸ ዕቃ ግን መካሪ አያጣም። አንድ ብረት ፈታታችሁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡና እዩ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ «እንዲህ ብታደርጋት» ይላችኋል። መዶሻውን አቀብለኝ ስትሉት ጉዳይ እንዳለው ያኔ ትዝ ይለዋል። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ምክርም አላበዛም። ሰው ዝምታዬን ጥበብ ነው ይላል። ተሳስታችኋል ለማለትም መናገር ያስፈልጋል።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አገሬ በእጅ የምትዞር የሹራብ መኪና አለቻት። ባሏ ነፍሱን ይማረውና፣ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛላት ናት፤ መኪናዋ ያኔም አሮጊት ነበረች። የደብረ ማርቆስ ተማሪ ስንቱ በእሷ ሹራብ ብርዱን ተወጥቶታል። በኋላ ሰልባጅ ገበያውን ሲወርሰው መኪናዋ ቆጥ ላይ ወጣች፤ ዶሮዎችም እንደ ሹመት ወንበር ተፈራረቁባት።

ባሏ ባረፈ በዓመቱ ልጇ ደሳለኝ «ባሕር ዳር እወስድሻለሁ፣ ጓዝሽን ሸክፊ» ብሎ ላከባት።

«አያ ታከለ፣ እጄ ሥራ ካገኘ ከቤቴ የሚነቅለኝ የለም» አለችኝ። «ካላገኘ ግን ልጄ ቤት የአደራ ዕቃ ሆኜ መቀመጤ ነው።»

መኪናዋን አወረድናት። ኩሱን ፍቀን፣ ዝገቱን በነጭ ጋዝ አርሰን፣ የጎበጡ መርፌዎቿን አንድ በአንድ አቀናን። ዕውቀቱ የእሷ፣ ጉልበቱ የእኔ፣ ምክሩ የሰፈሩ። ጡረታ የወጣው መምህር ስለ ሰበቃ አስተማረን፤ የጋራዡ ሰው ሞተር እንግጠምላት አለ። እኛ ዘይት ቀባናት። አንድ ቀን እጀታው ዞረ፤ ሹራቡም ከሥሯ እንደ ምላስ ብቅ አለ። ወይዘሮ አገሬ እልል አላለችም፤ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ አንገቷን ደፋች።

እዚህ ላይ ብንተወው ጥሩ ነበር። ግን ወፍጮ ሲተከል፣ ባጃጅ ሲገዛ፣ ጸበል ሳይረጭ ሥራ የሚጀምር ማን አለ? የነፍስ አባቷ ተጠሩ። አባ ሲረጩ እጃቸው አይሰስትም፤ «ብረቱም ይጥገብ» እያሉ አጠጧት። ጸበልን በጨርቅ መጥረግ በረከትን ከደጅ መመለስ ነውና ማንም አልነካትም። በራሱ ይድረቅ ተባለ። በክረምት፣ ማርቆስ ላይ፣ በራሱ የሚደርቅ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባጃጅስ ቀለም ለብሷል። መርፌ ራቁቱን ነው።

ደሳለኝ የጭነት መኪና ተኮናትሮ ከተፍ ሲል እናቱ ላሳይህ ብላ እጀታውን ጨበጠች። ግማሽ ዞረና ቀጥ አለ። ዝገቱ ተመልሷል። ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ጎረቤቱ ወዲያው ጓዝ ለመጫን እጅጌውን ጠቀለለ፤ ለመጫን ጊዜማ ጉዳይ ያለበት የለም።

ፍራሹ ተጫነ። ደሳለኝም «እማ፣ በቃሽ፤ ይቺ ውዳቂ ብረት ናት» እያለ እጀታውን እሱም ነካ አደረገው።

ልቡ በዚያው ተያዘ። ኮቱን አወለቀ። ጋዝ አምጡ አለ። መካሪው ሲከበው ከመካሪው ጋር ተከራከረ። ሾፌሩ ጡሩምባ ቢነፋ ቢነፋ የሚሰማው ሲያጣ ፍራሹን አውርዶ ሄደ። የቢሮ ፈቃዱ ሲያልቅ ደግሞ «እናቴን እያስታመምሁ ነው» ብሎ በስልክ ሲናገር ሰማሁት። እናቱ ያን ሰሞን ከማንም በላይ ጤነኛ ነበረች፤ ታበላዋለች፣ አልጋ ታነጥፍለታለች፣ በጥቁር ዘይት የተጨማለቀ ሸሚዙን ታጥብለታለች። ሊጦራት የመጣ ሰው ተጡሮ ከረመ።

መኪናዋ እንደገና ዞረች። አባ ይህን ሰምተው የጸበል ዕቃቸውን እንደያዙ ቢመጡ ወይዘሮ አገሬ በሩ ላይ ቀደመቻቸው።

«አባ፣ አሁን እኔኑ ይርጩኝ፤ በረከቱ በእጄ በኩል ይደርሳታል።»

አባ አሰብ አደረጉና፣ «ደግ ብለሻል። አንቺን ዝገት አይበላሽም» አሉ።

ደሳለኝ የመጀመሪያዋን ሹራብ ለብሶ ሚኒባስ ተሳፈረ። አንደኛው እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። የባሕር ዳርን ሙቀት እያወቀ አላወልቅም አለ፤ የእጁ ሥራ ናታ። በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እማ፣ መቼ ነው የምትመጭው?» ሲላት፣

«ብርዱ ሲያልፍ» አለችው።

እኔ ተወልጄ ያረጀሁት እዚሁ ማርቆስ ነው። ሲያልፍ አላየሁም።