የማይረባውን አጥፋ

ድሮ ከባዱ ፎቶ መነሳት ነበር። ፀጉር ይበጠራል፣ ኮት ከጎረቤት ይለመናል፣ ፎቶ ቤት ተሂዶ ግድግዳ ላይ በተሳለ ፏፏቴ ፊት ትንፋሽ ተይዞ ይቆማል። አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ አለቀ። ዓይናችሁ ተጨፍኖ ከወጣ ዕድሜ ልካችሁን ሳሎን ውስጥ እንደተኛችሁ ትኖራላችሁ። ዛሬ ማንሳቱን ማንም ያነሳል። የዘመኑ ጭንቅ ማጥፋቱ ነው።

ታውቁታላችሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሕፃኑ በስንት መከራ ስቆ፣ ጣታችሁን ልትጫኑ ስትሉ ስልኩ «ቦታ የለም» ይላል። ያኔ እዚያው በቆማችሁበት ዳኛ ትሆናላችሁ። የአምናው ልደት ይቆይ ወይስ የአክስት በግ? ማን ይኑር፣ ማን ይሂድ? ሰውን ለዚህ ሹመት ማን እንዳጨው አላውቅም።

እኔ ግን ሹመቱን እወደው ነበር።

ፎቶ የማነሳው ለፍቅር ነው እንጂ ለእንጀራ አይደለም። ፍቅሩ ላይ ግን ትንሽ ዕውቀት ጨምሬበታለሁ፤ ትንሽ ዕውቀት ደግሞ ዝም አያሰኝም። ሰው ከየትኛው ጎኑ እንደሚያምር፣ ከራሱ በላይ ምን ያህል ሰማይ እንደሚተውለት፣ ሳልጠየቅ አስተምራለሁ። ክረምት ሲገባ ከአዲስ አበባ ወደ ተወለድኩባት አሶሳ ስመለስ ጓደኞቼ በናፍቆት ይቀበሉኛል። ለአንድ ሳምንት። ከዚያ «ትንሽ ወደ ግራ» መባል ይሰለቻቸዋል።

ሦስት ናቸው። ሐሚድ ባጃጅ ይነዳል። ዘሃራ ነርስ ናት፤ ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው፣ ስም ሳይሆን ቁጥር የወጣለት መንደር የሰፈሩ ናቸው። እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አድጋ፣ ስትቀልድ እስከ ዛሬ በወሎ ቅላጼ ነው። ታዬ የቡለን ልጅ፣ ሺናሻ ነው፤ እዚህ ተምሮ እዚህ ከርሞ፣ አሁን መምህር ሆኖ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። የእኔ ስልክ ወድቆ የካሜራው መስታወት ከተሰነጠቀ ወዲህ ከአራታችን ደህና ካሜራ ያለው ሐሚድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሐሚድ ስልክ የሐሚድ አይደለም። የሁላችንም አልበም ነው።

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ እሑድ፣ ታዬን ልንሸኝ ከከተማ ወጣ ብለን ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ አልን። ጠዋት ዘንቦ አባርቷል። ዛፉ ላይ የቀሩት ማንጎዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የቀሩት እጅ ስላልደረሰባቸው ነው። ሐሚድ ረጅም እንጨት ይዞ ሊያወርዳቸው ተነሳ። ዘሃራ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ተቀምጦ ቁመቱ እንዳለቀ እያስታወሰች ታበረታታዋለች። ታዬ ለፎቶው ብሎ የለበሰውን አዲስ ሸሚዝ እንዳያቆሽሽ ቆሞ ይበላል።

ሐሚድ ከመሄዱ በፊት ስልኩን አቀበለኝ።

«ሞልቷል። አንተ ታውቅበታለህ፣ የማይረባውን አጥፋ።»

ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የበለጠ ምርቃት የለም።

ሥራ ጀመርኩ። የተነፈሰ ጎማ፣ ከሁለት አቅጣጫ፤ ይጥፋ። የማላውቀው ሰውዬ ጀርባ፤ ይጥፋ። ከዚያ አንድ ጉድ ላይ ደረስኩ። ሠላሳ ምናምን ፎቶ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። የሐሚድ ጆሮ። የሐሚድ ትከሻ፣ ያለ ሐሚድ። ግማሽ የሻይ ብርጭቆ። ያዘመመ አጥር። ሁሉም ላይ ከጥግ የሚነሳ ቀላ ያለ ጭጋግ አለ፤ አንዳንዱን ጭጋጉ ከነምኑ ውጦታል። ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ ራሱ ሲያነሳ እንዲህ ነው ብዬ ፈረድኩ። ምልክት አድርጌ አንድ ላይ ጠረግኳቸው።

ስልኩ አሁንም «ቦታ የለም» አለ። የዛሬ ስልክ የጣላችሁትን ወዲያው አይጥልም፤ ትጸጸቱ እንደሆነ ብሎ ቅርጫት ውስጥ ያቆየዋል። ቅርጫቱን ከፈትኩ። «ለዘለቄታው ይጥፋ?» አለኝ። ጣቴን ዘረጋሁ። እኔ ደግሞ ሳልቀልድ ሥራ አይሆንልኝም።

«ሐሚድ፣ ኪስህን ሠላሳ ጊዜ ማንሳት ምን የሚሉት ሙያ ነው? ሁሉም ቀይ ነው።»

ቅጠሉ መንኮሻኮሹን አቆመ።

«የቱ ቀይ?» አለ። መጣ። አጎንብሶ አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እማ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ጣቷ ነው።»

የሐሚድ እናት እማ ሐዋ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያረፉት አምና ነው። ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር። ስልክ ሲያዩ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ከውስጥ ይስቃሉ። ማንሳት ግን ይወዱ ነበር። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ካቻምና ክረምት፣ በረንዳቸው ላይ። በርታኛ የለመደው አንደበታቸው በአማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ዘሃራንም «አንተ» ነበር የሚሏት፣ እሷም «አቤት» ትል ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ እናንሳዎት ብለን ስንለምናቸው «የኔ ፊት ምን ያደርጋል? የሱ ፊት አዲስ ነው» ብለው ስልኩን ወደ ልጃቸው ያዞሩታል። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ፣ ጣትዎን ከካሜራው ላይ ያንሱ፣ ፎቶውን ያበላሻል እያልኩ እነዘንዛለሁ። ያነሱታል። ዞር ስል ይመልሱታል።

«ሌላ ፎቶ የላትም» አለ ሐሚድ።

አያችሁ፣ ጣት ብርሃን ፊት ሲቆም ዳር ዳሩ ይቀላል። ደም ስላለው ነው። ከእማ ሐዋ ለዓይን የቀረው ያ ቅላት ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅርጫት ውስጥ ጥየዋለሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ልለቅም ተቀመጥኩ። ቅርጫት ውስጥ እንዳሉ ነገርኩት፣ «መልስ» የሚለውንም ነካሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ትዞራለች። ስልኩ ያረጀ ነው፣ ሞልቷል፤ እሱም የደነገጠ መሰለኝ። አራታችንም አንገታችንን ደፍተን ክቧን አየን። ዘሃራ «ያ ረብ» አለች፤ ታዬ በሸሚዙ ሥር አንገቱ ላይ ያለውን ክር ያዘ። በሁለት ሃይማኖት የተጸለየላት የስልክ ክብ ከእሷ በቀር ያለች አይመስለኝም።

መጡ። ጆሮው መጣ፣ ትከሻው መጣ፣ አጥሩ መጣ። ሐሚድ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ አያቸው። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ማንጎ ሰጠኝ።

ጎማውንና የሰውዬውን ጀርባ ለዘለቄታው ብናጠፋም ቦታ ግን አሁንም የለም። ታዬ ደግሞ በማግስቱ ሊሄድ ነው። ሐሚድ «ይቅር፣ ሌላ ጊዜ እንነሳለን» አለ፤ «ሌላ ጊዜ» የሚባለው ከቡለን ምን ያህል እንደሚርቅ ሁላችንም እያወቅን።

ቀድማ የተናገረችው ዘሃራ ናት። የዒድ ቀሚሷን ለብሳ የተነሳቻቸው፣ ላየችው ሰው ሁሉ ካላሳየሁ የምትላቸው ፎቶዎች እዚያ ስልክ ላይ ነበሩ።

«የኔን አጥፋ» አለች። «እኔ አለሁ አይደል?»

ታዬ ተከተለ። የምረቃ ልብሱን ለብሶ፣ ቆቡ ተጣመመ እያለ ስንት ጊዜ እንዳስነሳን አንረሳውም። «የኔንም አጥፋው፤ ሰውዬው ራሱ ማንጎህን እየበላ ነው።»

የቀረሁት እኔ ነኝ። እዚያ ስልክ ላይ ጠዋት በጉም ውስጥ የቆመ የቀርከሃ ጫካ አለኝ፤ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ አንድ ቀን በዓውደ ርዕይ የማሳያቸው። ከሁለቱም የበለጠ አንገራገርኩ፣ አልዋሻችሁም። ከዚያ «ቀርከሃዎቹንም አጥፋ» አልኩ።

ሐሚድ የዘሃራን ለማጥፋት ሦስት ጊዜ እጁን ሰበሰበ። የታዬን ከማጥፋቱ በፊት አንዴ ቀና ብሎ ታዬን አየው። የእኔን አሥራ ሁለት ቀርከሃ ግን ተናግሬ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀም።

ተነሳን። ሐሚድ እጁን ዘርግቶ እኛንም ራሱንም አነሳ። የዘሃራ አፍ ሙሉ ነው፣ የታዬ ሸሚዝ በመጨረሻ ተበላሽቷል፣ የእኔ ግማሽ ፊት የለም። ድገመው አላልኩም።

በማግስቱ ማለዳ ታዬን መናኸሪያ አድርሰን ስንመለስ ሐሚድ በዚያ በቀርከሃው በኩል ዞረ። ጉም ነበር። ፍጥነቱን ቀንሶ በአገጩ ጫካውን ጠቆመኝና «አለ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አለ። ሐሚድ ባጃጁን አላቆመም። እኔም አቁም አላልኩት።