ያልበሰለው ንፍሮና የእማዬ ተራ

ስልካችሁን አስቀምጡና ሳቁብኝ። ቆይ፣ ካስቀመጣችሁትማ አታነቡም። ይዛችሁ ሳቁ!

ዛሬ በአሥራ ስምንት ሰው ፊት ተዋረድሁ። አንደኛው ቄስ ናቸው።

የደብረ ታቦር ብርድ ያሳደገው ፊት በቀላሉ አይቀላም። የእኔ ግን በርበሬ መሰለ!

ከመነሻው ላውጋችሁ።

ባለፈው ሳምንት “የመብራትና የከሰል ወጪን እንደየአቅማችን እንዴት እንቀንስ” ብዬ የለጠፍሁትን ታስታውሳላችሁ። ግጥም ስለጥፍ ሰባት ላይክ ነው የማገኘው፤ ከሰባቱ አንዱ የራሴ ነው። ስለ ቆጣሪ ስጽፍ ግን አገሩ ሁሉ ሼር አደረገኝ! ስንት ዓመት በስንኝ የለመንሁትን ክብር በአንድ ቀን በአምፖል አገኘሁት።

ምክሩ ሦስት ዓይነት ነበር። ገንዘብ ያለው ጣሪያው ላይ ሶላር ይትከል። ትንሽ ያለው አምፖሉን በቆጣቢ ይቀይር፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በየቀኑ ከማጋል የሳምንቱን እንጀራ በአንዴ ይጋግር። ምንም የሌለው ደግሞ ሣጥን ይሥራ።

(ሶላር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ይህን ያን ጊዜ አልነገርኋችሁም።)

ሣጥኑ እንዲህ ነው፦ አሮጌ የእንጨት ሣጥን ትፈልጋላችሁ፣ ጭድ ትሞሉበታላችሁ። ድስቱን እሳት ላይ ታፈሉና ጭዱ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ከላይ ብርድ ልብስ። በያዘው ሙቀት ቀስ እያለ ይበስላል። እሳት የለ፣ ከሰል የለ፣ ቆጣሪ የለ!

ከሥሩም በደማቁ ጻፍሁ፦ “ሣጥኑን በፍጹም እንዳትከፍቱት! በከፈታችሁት ቁጥር ሙቀቱ ይሄዳል።”

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። እንመለስባታለን።

ዛሬ እኛ ቤት የሚካኤል ማኅበር ነበር። ተራው ድሮ የአባዬ ነበር። አባዬ ካረፈ በኋላ “ቦታውን ማን ይይዛል?” ተብሎ ሲጠየቅ እማዬ “እኔ እይዘዋለሁ” አለች። ሴትዮዋ ብቻዋን ትችለዋለች ወይ ብለው የተንሾካሾኩ ነበሩ። የዛሬው የመጀመሪያ ድግሷ ነበር።

የእኛ ቤት ንፍሮ ደግሞ ስም ያለው ንፍሮ ነው። ስንዴው ፈንድቶ፣ ባቄላው እንደ ቅቤ ለስልሶ! አባዬ በማኅበሩ ቀን እሳቱ ሥር ቁጭ ብሎ ራሱ ነበር የሚማግደው። ማኅበርተኛው “የእርሱ ተራ መቼ ነው?” እያለ ወር ይቆጥር ነበር።

ታዲያ እማዬ ለዚህ ቀን ብላ አንድ ሸክም እንጨት ገዝታ ከጓሮ ደርድራለች። እኔ ነኝ “አትንኪው!” ያልኋት።

ምን ላድርግ? ባለፈው ወር የመብራት ሒሳብ ሲመጣ እማዬ ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው አየችው፤ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት መስሏት። ያን ቀን ነው “ቤታችንን እኔ አድነዋለሁ!” ብዬ የተነሣሁት። ማን እንደላከኝ እንጃ።

ጭዱን ያመጡልኝ አጎቴ አያ ፈንቴ ናቸው፤ ከጉና ተራራ ሥር ድንች በበቅሎ ጭነው ሲመጡ።

“ከብት ገዛህ እንዴ?” አሉኝ።

“የለም አያ፣ ንፍሮ ላበስልበት ነው።”

ጭዱን አዩት። እኔን አዩኝ። በቅሎዋን አዩዋት፤ እርሷም አፈረችብኝ መሰለኝ።

“አንተ ልጅ፣ በእኛ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም። ጉና ላይ ባቄላ ቀቅለህ ታውቃለህ?”

“አያ፣ ሳይንስ ነው እኮ!”

“እንግዲያ ሳይንስህ ጥርስ ካለው ይብላው” ብለው ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ጠዋት እማዬ ድስቱን ጣደች። ፈላ። ገና ሁለት ሦስቴ ከመንተክተኩ “በቃ!” አልኋት።

“ትንሽ እንጨት ልጨምርበት?”

“ኧረ እማ! ቁጠባው እኮ እዚህ ላይ ነው።”

“እሺ፣ አንተ ታውቃለህ” አለችና እሳቱን በተነችው።

አንተ ታውቃለህ! ከዚህ የከበደ ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እኩለ ቀን ሲሆን ማኅበርተኛው መጣ። መምሬ ሞላ ጸለዩ፣ ዳቦውን ባረኩ። ጠላው ተቀዳ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ጋሽ አለነ እጃቸውን እያፋተጉ “በሉ ያቺን የታወቀችውን አምጧት” አሉ።

እኔ ድስቱን የቀበርሁበትን ሣጥን ሰው መሀል አስቀምጬ፣ ስልኬን ግድግዳ አስደግፌ ቪዲዮ ከፈትሁ። ብርድ ልብሱን እንደ መጋረጃ ገለጥሁት።

እንፋሎት የለም።

ድስቱን ነካሁት። ለብ ብሏል። የሕፃን ገላ የሚታጠብበት ውሃ!

እማዬ በየሰሃኑ ዘገነች። ሁሉም አፉ አደረገ።

ቋ!

ባቄላው ይሁን የመምሬ ሞላ ጥርስ አልታወቀም። መምሬ ከፊት የቀሯቸው ጥርሶች ሁለት ናቸው፤ ቤቱ ሁሉ ቀና ብሎ ቆጠራቸው። ሁለቱም አሉ። ተመስገን።

መምሬ ባቄላዋን ከአፋቸው አውጥተው፣ ወደ በሩ ብርሃን አድርገው አገላበጧት።

“ልጄ፣ ይኼ ንፍሮ ነው ወይስ ዘር?” አሉ። “ለዘር ከሆነ መልካም ነው። ይበቅላል።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ!

እማዬ አልሳቀችም። ሰሃኑን እንደያዘች ቆማለች።

ጋሽ አለነ ግራ ገባቸው። “እናኑ፣ ንፍሮውን ምን ነካብን? የዚህ ቤት ንፍሮ እኮ...” ብለው ጀመሩና ተዉት። የማንን ስም ሊጠሩ እንደነበር ሁላችንም ገባን።

አፌን ከፈትሁ። እውነቱን ልናገር ነበር። በሚካኤል፣ ልናገር ነበር!

እማዬ ቀደመችኝ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው። እሳቱን አሳነስሁት። እንጨት ቆጥቤ ነው።”

እንጨት ቆጥቤ! በማኅበር ቀን! ለሚካኤል ሰሰትሁ እንደ ማለት እኮ ነው። እኔ አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ዘጋሁት። ይህ ነው ውርደቴ፤ ባቄላው አይደለም።

ዳቦው ተበላ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ወሬው ቀዘቀዘ። ሊወጡ ሲሉ ጋሽ አለነ እማዬን በረጋ ድምፅ አናገሯት። ቢቆጧት ይሻለኝ ነበር።

“እናኑ፣ ብቻሽን ከብዶሻል። አንፈርድብሽም። የሚመጣውን ተራ ለሌላ እንስጠውና አንቺ እንዲሁ እየመጣሽ ትጠጫለሽ።”

“እሺ” አለች።

እንዲሁ እየመጣሽ። እንግዳ ሁኚ ማለት ነው። የአባዬ ቦታ በአንድ ድስት ባቄላ ሄደ።

እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ሌላ ፖስት ጽፌላችሁ ነበር። ጥፋተኛው ደጋው ነው የሚል። ሣጥኑን የተማርሁት ከቆላ ሰው ቪዲዮ ነው፤ በእኛ ከፍታ ውሃው በደንብ ሳይግል ይፈላል፤ ስለዚህ ባቄላ ለብዙ ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ እሳት ላይም ረጅም ጊዜ ቆይቶ ነው ሣጥን የሚገባው። ድንችና ምስር ከሆነ ይሠራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለደጋ ሰዎች ያዙት። አያ ፈንቴም ይቅር ይበሉኝ።

ቆንጆ ሰበብ ነበር። እንዲያውም ቤት መትቶልኛል!

ግን አጠፋሁት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር?

ሣጥኑን አራት ጊዜ ከፍቼዋለሁ።

አንዴ፣ እንፋሎቱን ልቀርጽ። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ ስላላማረኝ። ሦስተኛ፣ የእኔ ፊት ስላልገባ። አራተኛ፣ አንዲት የሐሙሲት ልጅ “በሰለ ወይ? አሳየን!” ብላ ኮመንት ስላደረገች።

ጠዋት ያያችሁት ቪዲዮ ትዝ አላችሁ? ያ ሽቅብ የሚወጣው፣ “ዋው!” ያላችሁለት እንፋሎት? ባቄላውን ሊያበስል የነበረው ሙቀት እርሱ ነው። እኔ ለቀቅሁት፣ እናንተ ላይክ አደረጋችሁት።

ጋሽ አለነ ፌስቡክ የላቸውም። ልጃቸው ግን ትከተለኛለች። እህቴ፣ እባክሽ ይህን ለአባትሽ አንብቢላቸው። እሳቱን ያሳነሰው ልጇ ነው በያቸው። ለሚካኤል የሰሰተችው እናኑ አይደለችም። ተራዋን ይመልሱላት። እንጨቱም እንደተደረደረ ጓሮ አለ፤ ጠዋት ከነደዱት ሁለት ሦስት ፍልጦች በቀር አልተነካም እኮ!

ቅድም እቃ ስናጣጥብ እማዬ ቀና ሳትል “ክዳኑን አራት ጊዜ ስታነሣው ሰምቼሃለሁ” አለችኝ።

ሰሃኑን አስቀመጥሁት።

“ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?”

ድስቱን ፈገፈገች፣ ፈገፈገች።

“እነዚያ የምትጽፍላቸው ሰዎች ስንት ናቸው?” አለች በመጨረሻ።

“ሦስት ሺህ ይሆናሉ።”

ድስቱን አለቅልቃ ደፋችው።

“ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ አንድ እንኳ የለም?”

አላችሁ እንዴ? እባካችሁ አንድ ሰው ብቻ “አለሁ” ይበልልኝ። ነገ ጠዋት ላሳያት።