የግቢያችን ደራሽ

አዳማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ደራሽ አለ። አንዱ ክረምት ላይ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ሌላው ጎረቤት ነው። ጎርፉ እንኳ ሊመጣ ሲል ደመና ያሳያል። ጎረቤት ደራሽ የሌለበት ግቢ በከተማችን የለም፤ አለ የሚል ሰው ካለ ገና ድስት አላሳረረም ማለት ነው።

የእኛ ግቢ ደራሽ ክብርት እትዬ ዙለይካ ናቸው። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ ልጆች አሳድገው ድረዋል። በእኛና በእሳቸው ቤት መካከል ያለችው ግድግዳ ስስ ናት። ከዚህ ወገን አንድ ነገር ኮሽ ካለ ከዚያ ወገን «አብሽር! ደርሻለሁ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ሳያልቅ እሳቸው በር ላይ ናቸው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ጋዲሴ ሽሮ አሳረረች። ጭሱ ገና በመስኮት ሳይወጣ እትዬ ዙለይካ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው ገቡና ምድጃው ላይ ደፉት። ውሃው ከምድጃው አልፎ ዱቄቱን፣ ፍራሹንና አዲሱን ጫማዬን አጠበ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተረፋችሁ!» ብለውን ሄዱ። እኛም ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣን።

ሌላ ጊዜ ባጃጅ ነጂው ኡበይደላ ዓሣ ሲበላ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት። እትዬ ዙለይካ ደርሰው ጀርባውን ደበደቡት። አጥንቱ ወጣ፤ ኡበይደላ ግን ሳምንት ሙሉ በደረቱ ተኛ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ግን የነገረን የለም።

እናም በቅርቡ ሳል ሲይዘኝ ትልቁ ጥረቴ በቀስታ መሳል ሆነ። ትራስ አፌ ላይ ይዤ አሳልኩ። ጋዲሴ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትለኝ «ጉንፋን ነው፤ ቀስ በይ፣ እንዳይሰሙ» አልኳት። ትኩሳቱ ሲብስ፣ ደረቴን ሲወጋኝ፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እንኳ የምፈራው ባልዲውን ነበር። አንድ ጠዋት ግን ትራሱም አልበቃም።

«አብሽር! ደርሻለሁ!»

ገቡ፣ አዩኝ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

«ነጋሳዬ፣ አፍንጫህ እንደ ጋሪ ፈረስ እየነፋ ጉንፋን ነው ትላለህ? ተነስ!»

«እትዬ፣ ነገ እሄዳለሁ።»

«ነገ ማንን ይዤ ልሄድ? ኡበይደላ! ባጃጁን አስነሳ!»

ኡበይደላ ጀርባውን አስታውሶ ነው መሰለኝ አልተከራከረም።

ሆስፒታል እኩያዬ የሚሆነው ዶክተር ሞቲ ራጁን አይቶ «የሳንባ ምች ነው» አለ። የእትዬ ዙለይካ ፊት በራ።

«ምች ነው እንዴ? ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ!»

ከሻርፓቸው ጫፍ ዳማከሴ ፈትተው አፍንጫዬ ውስጥ ሊጨምቁ ሲታገሉ ዶክተሩ እጃቸውን ያዘ። «እናቴ፣ ይሄኛው ስሙ ብቻ ነው ምች። ጀርም ነው። ነጭ የደም ሴሉም በጣም ጨምሯል።»

«ነጭ?» አሉና ስልካቸውን ይዘው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ የነጋሳ ደም መንጣቱን ያልሰማ የሰፈር ሰው አልነበረም። ሁሉም አልጋዬን ከቦ የእኔን አየር ይተነፍስ ጀመር። አንዱ «አካም ጂርታ?» ብሎ ደህንነቴን ሲጠይቀኝ ሌላው «አታናግሩት፣ የቀረው ቀይ ደም እንዳያልቅ!» ይላል።

ዶክተር ሞቲ ሁሉንም አስወጥቶ ሲያበቃ ራጁን አሳየኝ። ሳንባዬ ከታች በኩል ደመና ለብሷል።

«ነጭ የደም ሴሎች ደራሾች ናቸው» አለኝ። «ጀርም ሳንባ ሲገባ ከደም ሥር ሾልከው ይሮጣሉ፤ ይውጡታል፣ መርዝ ይረጩበታል። ግን ግር ብለው ሲመጡ ፈሳሹም አብሯቸው ይገባል። የአየር ከረጢቶቹ በውሃና በመግል ይሞላሉ። ከልክ ሲያልፉ ጤነኛውንም ሥጋ ይጎዳሉ። ትንፋሽ ያሳጠረህ ጀርሙ ብቻ አይደለም፤ የእነሱም ግርግር ነው።»

«ታዲያ እነሱንም አስወጣልኛ!» አልኩ፣ ወደ በሩ እያየሁ።

ሳቀ። «እነሱ ባይደርሱልህ እዚህም አትደርስም ነበር። መድኃኒቱ ጀርሙን ሲያዳክምላቸው ግርግሩ ይበርዳል። ፍርስራሹን የሚጠርጉትም ከእነሱው ወገን ናቸው።» ከዚያ ሳቁን ተወ። «ግን ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እንዲህ ተቀምጠን አናወራም ነበር። ማን ነው ያመጣህ?»

በጣቴ ወደ በሩ ጠቆምኩ። እትዬ ዙለይካ የበሩ መስታወት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ነበር። ድምፃቸው ባይሰማም ከንፈራቸው «አብሽር» ይላል።

ተመስገን፣ ዳንኩ። አየር እስከ ሆድ ድረስ ሲገባ እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። እፎይ ማለት ለካ ሳንባ ይፈልጋል።

ነገር ግን ዶክተሩ «ዕረፍት ያስፈልገዋል፣ አትጨናነቁበት» ስላላቸው እትዬ ዙለይካ መምጣት ተዉ። ግድግዳዋ ዝም አለች። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ዝምታው ከበደኝ፤ ናፈቁኝ።

ትናንት ጋዲሴን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ፍራሹን አጠፈችው፣ ዱቄቱን ከፍ አድርጋ ሰቀለችው፣ ጫማዬንም ደበቀችልኝ። እኔ ወደ ግድግዳዋ ዞርኩ። በዳነው ሳንባዬ አየር ሙሉ ስቤ፣ ሆን ብዬ አንዴ አሳልኩ።

ከማዶ የባልዲ እጀታ ኮሽ አለ።