የሩሙ ብርና አንጥረኛው ዘይኑልአቢዲን

ብር የሚያውቅ ሰው ትሕትና አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ ለደሴ የደረሷት በሆጤ ሱቃቸው የተሰየሙት ክቡር አንጥረኛ አቶ ዘይኑልአቢዲን ነበሩ። የኮምቦልቻ ነጋዴ ማርትሬዛ ብር በከረጢት ይዞ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩና «ድንጋዩ ላይ ጣለው!» ይላሉ። ሐሰተኛውን በድምፁ ይለያሉ። «ወላሂ፣ ጆሮዬን አትፈትነው!» አንድ ጊዜም የሙሽራ አምባር መዳብ አለበት ብለው አውጀው ሠርግ በሳምንት አስተላልፈዋል።

እኔ የታሪክ መምህሩ ስለ ጥንታዊት ሮም ገንዘብ ከመጻሕፍት የተማርሁትን እርሳቸው በጣታቸው ያውቁት ነበር። አንድ የላቲን ፊደል ሳያነቡ፣ ሮምን ሩም እያሉ፣ «ቅጠል የደፋው የሩም ንጉሥ ጥሩ ብር ነው፤ ሹል ዘውድ የደፋው መዳብ በዝቶበታል» ይላሉ። ቃላቸውን ላፈርስባቸው መጽሐፍ አገላበጥሁ። ትክክል ነበሩ፤ ለዚህም በሚገባ ይቅር አላልኋቸውም።

በ1971 ዓ.ም. የገራዶዋ ወይዘሮ ሐዋ ከአንገት ጌጣቸው የወለቀች ትንሽ ብር ሊያስበይዱ መጡ። የስድሳ ስድስቱ ረሃብ ከወሰዳቸው እናታቸው የቀረቻቸው እርሷ ብቻ ነበረች።

«ቅጠል ደፍቷል! የሩም ነው፣ እመት ሐዋ!» ሲሉ አንጥረኛው ጮኹ። እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርሁና ተቀብዬ ዙሪያዋን አነበብሁ፤ የቄሣር ትራያኖስ ስም በግልጽ ተቀርጾባታል።

ጩኸቱ መንገድ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ የቀበሌው ጓድ ቀለሙ ገባ። በዚያ ሰሞን ቅርስ የተባለ ሁሉ ይወሰድ ነበር፤ ተወስዶ የተመለሰ ግን አላየንም።

«የሩም ያለው ማን ነው? የሰፊው ሕዝብ ንብረት በግለሰብ አንገት ላይ አይንጠለጠልም!»

ወይዘሮ ሐዋ ባዶ አንገታቸውን በእጃቸው ያዙ።

አቶ ዘይኑልአቢዲን ብሯን ከእጄ ወሰዱ። ብር ሲፈተሽ በጣት ጫፍ ላልቶ ካልተያዘ ድምፁ እንደሚታፈን ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። አሁን ግን በሁለት ጣታቸው ጨምቀው ድንጋዩ ላይ መቷት። ድብ ብላ ቀረች።

«ቆርቆሮ ነው ጓድ። ዓይኔ ደክሟል፤ ተሳሳትሁ። እንኩ እመት ሐዋ፣ ልጅ ያጫውቱበት።»

«መምህር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲል ጓድ ቀለሙ ወደ እኔ ዞረ።

ስሕተት ሰምቼ ዝም ያልሁበት ቀን አልነበረም። «በብር ጉዳይ ከእርሳቸው ጋር አልከራከርም» አልሁ።

ጓድ ቀለሙ ከት ብሎ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት አዋቂ ነኝ ሲሉ ኖረው ቆርቆሮ ያነግሡ ጀመር!»

ጁምዓ ሳይደርስ ወሬው ኮምቦልቻ ገባ። ነጋዴዎቹ ከረጢታቸውን ይዘው ወደ ሌላ አንጥረኛ ዞሩ። እርሳቸው አንዲት የማስተባበያ ቃል አልተናገሩም።

ወሩ ሲያልቅ የባለቤቴን አምባር ይዤ ሄድሁ። ምንም አልጎደለውም፤ ላጽናናቸው ብዬ ነው። አሹት፤ ገለበጡት፤ ከዚያም ቀና ብለው በጥልቅ ንቀት አዩኝ።

«መምህር፣ ሃያ ዓመት ተታለዋል። ሩቡ መዳብ ነው።»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እጅ ነሥቼ ወጣሁ፤ ለባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።